ውሻችን ቤቱን እያመሰው ነው፣ ክረምቱን እንዴት እንለፈው?

«ሰላም፣ ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ሰሚት፣ ትንሽ ግቢ ያለው ቤት ውስጥ ነው። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለት ልጆቻችን (የ10 እና የ6 ዓመት) እና አማቴ ነን። ልጆቹ ሲለምኑ ሲለምኑ ከርመው ለገና ቡችላ አመጣንላቸው። ስሙን ቦቢ አልነው። ያኔ የሁለት ወር ነበር፣ አሁን ሰባት ወሩ ነው። ቤቱን እያመሰው ነው። በር ላይ ያወለቅነውን ጫማ ይበላል። የታጠበ ልብስ ከገመድ ላይ አውርዶ መሬት ለመሬት ይጎትታል። አማቴ የተከሉትን ጤናዳም ሁለቴ ነቅሎታል። ባለቤቴ የተበላውን ጫማ እያሳየ ሲመታው ጆሮውን ጥሎ ይሽቆጠቆጣል፣ ጥፋቱን ያውቃል ማለት ነው፣ በማግስቱ ግን ያው ነው። አሁን ደግሞ ክረምት ሊገባ ነው። ትምህርት ይዘጋል፣ ግቢው ይጨቀያል፣ አማቴ ውሻ ደፉን እንዲያልፍ አይፈልጉም። ባለቤቴ ‹ወይ በሰንሰለት ይታሰር፣ ወይ ደብረ ብርሃን ላለው ወንድሜ ልስጠው› ይላል። ልጆቹ ይህን ከሰሙ ወዲህ ለቅሶ ነው። ምን ይሻለናል?»

ግራ የገባት እናት

ውድ እህቴ፣

መልሱን አስቀድሜ ልንገርሽ። ቦቢ ክረምቱን በሰንሰለት ታስሮ አይክረም። ደብረ ብርሃንም አይሂድ፣ ቢያንስ አሁን። የምታማርሩበት ነገር ሁሉ ሥራና ጓደኛ ያጣ ጎረምሳ ውሻ የሚያደርገው ነው። ሰኔ ሳይጠና ጥቂት ነገር ካስተካከላችሁ ክረምቱ ከምትፈሪው በጣም ይቀላል።

ሰባት ወር ከባድ ዕድሜ ነው። ቡችላ 28 የወተት ጥርስ አለው፣ ከሦስት አራት ወር ጀምሮ እየረገፉ በ42 ጥርስ ይተካሉ፣ ይህም የሚያልቀው አሁን ቦቢ ባለበት ዕድሜ ላይ ነው። ድዱ ሲበላው ያገኘውን ያኝካል። ጥርሱ ካለቀ በኋላም ወዲያው ጨዋ አይሆንም፣ እስከ ዓመት ከመንፈቅ ድረስ ጉልበቱ ከአእምሮው ይቀድማል። ብዙ ቤተሰብ ውሻውን «አልሆነንም» ብሎ የሚያወጣው ልክ በዚህ ሰዓት ነው። ያሳዝናል፣ ምክንያቱም ትንሽ ቢታገሱት የሚመጣው ውሻ ሌላ ነው።

ስለ ደብረ ብርሃን ባለቤትሽ አንድ ነገር ያስብበት። ከተማዋ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ የሐምሌና የነሐሴ ብርዷን ራሱ ከእኔ በላይ ያውቀዋል። ሰሚት ግቢ ውስጥ ከልጆች ጋር ያደገ ውሻ በዚያ ብርድ ደጅ ማደር አልለመደም። ከዚያ የሚብሰው ግን በዚያ አካባቢ ያለው በግ ነው። ከትንሽነቱ በግ እያየ ያላደገ ውሻ በግ ሲሮጥ ካየ ይከተላል፣ ሊነክስም ይችላል። አንድ ቀን የጎረቤት በግ ከነከሰ በገጠር ዕጣው ምን እንደሚሆን አንቺም ባለቤትሽም ታውቁታላችሁ።

አሁን ወደ ጫማው። ውሻ ጫማ የሚመርጠው የእናንተ ጠረን ከሁሉም ነገር ይልቅ እዚያ ላይ ስላለ ነው። ብቻውን ሲሆንና ሲሰለቸው እናንተን የሚሸት ነገር ይፈልጋል። ስለዚህ ጫማ በር ላይ መተው ዛሬውኑ ይቁም። ከፍ ያለ መደርደሪያ ወይም ክዳን ያለው ሣጥን ይበቃል። በምትኩ የራሱ የሆነ የሚያኝከው ነገር ይኑረው፦ ወፍራም ገመድ ቋጥራችሁለት፣ ጠንካራ የላስቲክ መጫወቻ፣ ወይም ትልቅ ጥሬ ካሮት። አሮጌ ጫማ ግን እንዳትሰጪው። አሮጌውን ከአዲሱ የሚለይበት መንገድ የለውም፣ ጫማ ማኘክ ተፈቅዷል ብሎ ነው የሚይዘው። ልብሱን በተመለከተ ገመዱን በባላ ከፍ አድርጉት፣ ጫፉ እየተንዘላዘለ ካላየው አይዘልም።

«ጥፋቱን ያውቃል» ስላልሽው ትንሽ ልቆይበት፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነውና። እ.ኤ.አ. በ2009 አሌክሳንድራ ሆሮዊትዝ የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ ይህንኑ ነገር ፈትሻለች። ውሾቹ «አትብላ» የተባሉት ምግብ አለ። ባለቤቶቹ ወጣ ብለው ሲመለሱ ለአንዳንዶቹ ውሻቸው እንደበላ ይነገራቸዋል፣ ሳይበላም ጭምር። ያ ጆሮ መጣልና መሽቆጥቆጥ ይበልጥ የታየው የበላው ውሻ ላይ ሳይሆን የተቆጡት ውሻ ላይ ነበር። ያልበላውም ሲቆጡት እንደዚያው ይሆናል። ቦቢም እንዲሁ ነው። የሚያየው የባለቤትሽን ፊትና እጅ ነው፣ ከሁለት ሰዓት በፊት ያኘከውን ጫማ ከዱላው ጋር አያገናኘውም። የሚማረው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ አባወራው ከሥራ ሲመጣ መፍራት። የሚፈራ ውሻ ደግሞ ውሎ አድሮ ይነክሳል። ስለዚህ ካለፈ በኋላ መምታት ይቅር። እያኘከ ከያዛችሁት በረጋ ድምፅ «ተው» ብላችሁ የተፈቀደለትን ነገር በምትኩ ስጡት፣ ያንን ሲይዝ «ጎበዝ» በሉት። ፍሬ ነገሩ ይኼ ነው።

ቃሉም አንድ ይሁን። አንቺ «ሂድ»፣ ባለቤትሽ «ውጣ»፣ ትልቁ ልጅ «ኖ!»፣ አማትሽ «ክላ!» የምትሉት ከሆነ ውሻው ከየት ይረዳችሁ? ማታ ራት ላይ ተቀመጡና አራት ቃል ተስማሙ፦ ተቀመጥ፣ ተው፣ ና፣ ቦታህ። በቀን አምስት ደቂቃ፣ ከምግቡ በፊት፣ ሲርበው። የአሥር ዓመቱ ልጅ ይህን ሥራ ይዞ ሁሉም ያንኑ ቃል ከተጠቀመ ለውጡን በሳምንታት ውስጥ ታዩታላችሁ።

ሰንሰለቱን ለምን እንዲህ አጥብቄ እንደተቃወምኩ ልንገርሽ። እኛ ዘንድ «ቀን ካልታሰረ ኃይለኛ አይሆንም» የሚል የቆየ እምነት አለ። እውነት ነው፣ ኃይለኛ ይሆናል። ግን ሌባና የጎረቤት ልጅ መለየት አይማርም። ታስሮ የዋለ ውሻ መሸሽ እንደማይችል ስለሚያውቅ የቀረበውን ሁሉ ይጠራጠራል። አንቺ ቤት ደግሞ ክረምቱን ሙሉ ሁለት ልጆች ግቢ ውስጥ ይውላሉ። የስድስት ዓመቷ ኳስ ልታነሳ ሮጣ የሰንሰለቱ ክልል ውስጥ ስትገባ አስቢው። እንግዳ ሲመጣ፣ ዕቃ ሲራገፍ፣ ለአንድ ሰዓት ያህል ጣሪያ ባለው ቦታ በገመድ መያዙ ምንም አይደለም። እኔ የምቃወመው ቀን ተሌት መታሰርን ነው። (ትንሿ ሴት ይሁን ወንድ አልጻፍሽም፣ እንዲሁ በሴት ወሰድኩት።)

በሰንሰለቱ ፈንታ አድክሙት። የአዲስ አበባ የክረምት ዝናብ ብዙውን ጊዜ የሚበረታው ከሰዓት በኋላ ነው፣ ጠዋቱ ፋታ አለው። ባለቤትሽ ወይም አንቺ ጠዋት ከሥራ በፊት ግማሽ ሰዓት በገመድ ይዛችሁት ውጡ። አታስሩጡት፣ አጥሩን፣ ድንጋዩን፣ ምሰሶውን እያሸተተ ይሂድ። ውሻ በአፍንጫው ሲሠራ አእምሮው ይደክመዋል፣ ከመሮጥ ባልተናነሰ ያረካዋል። ልጆቹ ብቻቸውን ይዘውት እንዳይወጡ ብቻ፣ የመንደሩ ውሾች ሲመጡበት ጉልበቱን አይችሉትም። ዝናቡ ሲዘጋባችሁ ደግሞ ለልጆቹ ሥራ ስጫቸው፦ ባዶ ካርቶን ውስጥ የተቆራረጠ ወረቀትና ጥቂት የምግቡን ቁራጭ ከተው በረንዳው ላይ ይስጡት። ፈልጎ ለማግኘት ሲበጣጥስ ደህና ጊዜ ያሳልፋል። ካርቶን ሲበጣጥስ ጫማ አይበጣጥስም፣ ልጆቹም ቴሌቪዥን ላይ ተተክለው አይውሉም።

የአማትሽን ነገር በጥንቃቄ እንያዘው። ጸሎት የሚደረግበት፣ ሥዕለ አድኅኖ የተሰቀለበት ቤት ውስጥ ውሻ አይግባ ማለታቸው ሥርዓታቸው ነው፣ ክርክር ውስጥ አትግቢ። ውሻውም ደፉን ሳያልፍ ደህና መኖር ይችላል። የሚያስፈልገው እናንተን እያየ፣ ደረቅ ቦታ ላይ መተኛት ነው። እንዲያውም ደፉን ራሱ ማስተማሪያ አድርጉት። በሩ ሲከፈት «ተቀመጥ»፣ ሲቀመጥ ቁራሽ፣ ሊያልፍ ሲሞክር በሩ ቀስ ብሎ ይዘጋል። ከተቻለ ቁራሿን እማማ ይስጡት። ውሻ የሚያጎርሰውን አይረሳም፣ እርሳቸውም ሲታዘዛቸው ልባቸው ይራራል። ለጤናዳሙ ዙሪያውን በወንፊት ሽቦ አጥሩለት ወይም ወደ ትልቅ ማሰሮ አዛውሩት፣ ከዚያ ከጓሮው አንድ ጥግ የእሱ መቆፈሪያ ትሁን። እዚያ ካሮት ወይም መጫወቻ ቅበሩለት። አፈሩ በዝናብ ሲለሰልስ መቆፈሩ ስለማይቀር የት እንደሚቆፍር መወሰን ይሻላል።

አሁን የቦቢ ቤት። የት እንደሚያድር አልነገርሽኝም፣ ግን ብዙ ግቢ ውስጥ የማየው ቆርቆሮ የተመታበት፣ መሬት ላይ የተቀመጠ፣ ከበሩ አጠገብ የተወሸቀ ነገር ነው። ቆርቆሮ ብቻውን ብርድ ነው፣ በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ሲወርድ ድምፁ ያደነቁራል። ባለቤትሽ አንድ ቅዳሜ ይስጠው። ወለሉና ግድግዳው ጣውላ ይሁን፣ ቆርቆሮው ከላይ ለጣሪያ ብቻ፣ ከሥሩ ጣውላ ገብቶበት። አራት ብሎኬት ላይ ይቀመጥ፣ ጎርፍ ከሥሩ እንዲያልፍ። መግቢያው ነፋሱ ከሚመጣበት ተቃራኒ ይዙር። ስፋቱ ቆሞ፣ ዞሮ፣ ተጠቅልሎ የሚተኛበት ያህል ይበቃል፣ ከዚያ ከሰፋ በገላው ሙቀት አይሞቅም። ከውስጥ ብርድ ልብስ አታንጥፉ። አንዴ ከረጠበ ሳይደርቅ ይከርማል፣ ውሻውም እርጥብ ላይ ያድራል። ጭድ ይሻላል፣ ከስሩ ደረቅ ሆኖ ይቆያል፣ ሲረጥብ አውጥቶ መቀየር ነው። ቤቱም ከሰርቪስ ጀርባ አይሁን። በረንዳው አጠገብ፣ ሳሎኑ የሚታይበት ቦታ ይቀመጥ፣ ሌሊት መጮኹም ይቀንሳል። ነጎድጓድ የሚፈራ ከሆነ ሰርቪስ ቤቱን ወይም ጋራዡን ክፈቱለት፣ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ማባበልም አያበላሸውም።

ለጭቃው በረንዳው ደረጃ ላይ ጆንያ አንጥፊ። ከዝናብ ሲመለስ እግሩን ለብ ባለ ውኃ አጥቦ በጣቶቹ መሃል ጭምር ማድረቅ፣ ይኸው ነው። በየሳምንቱ ሙሉ ገላውን ማጠብ አያስፈልግም፣ በብርድ ወራት ለሕመም ሊዳርገው ይችላል።

ከዚህ በኋላ የምጽፈው ከጫማው ሁሉ የሚበልጥ ነው። ደብዳቤሽ ውስጥ ስለ ክትባት አንዲት ቃል የለችም። ቦቢ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወስዷል? ከሦስት ወር ጀምሮ ይሰጣል፣ በዓመቱ ይደገማል። ካልወሰደ በዚህ ሳምንት የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ውሰዱት፣ ለነገ አትበሉ። ልጆቹንም አስተምሪያቸው፦ የትኛውም ውሻ ቢነክሳቸው ወይም ጥርሱ ቢቧጭራቸው ሳይደብቁ ይንገሩሽ። ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ ማጠብ፣ ከዚያ በቀጥታ ጤና ተቋም። ምልክቱ አንዴ ከታየ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል፣ ስለዚህ «እስቲ ይታይ» የሚባል ነገር የለም። ጠበልም ሆነ የባህል መድኃኒት የሚሻ ቢኖር ከክትባቱ ጋር እንጂ በክትባቱ ፈንታ አይሁን።

ሐኪሙ ጋ ስትሄዱ የትል መድኃኒትና የሌሎቹን ክትባቶች ነገር ጠይቂ። ክረምት ሲገባ አይጥ ወደ ቤት ይጠጋል፣ የአይጥ ሽንት የገባበት የኩሬ ውኃ ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባል በሽታ ያመጣል፣ ለውሻም ለሰውም። ከኩሬ እንዳይጠጣ ንጹሕ ውኃ ሁልጊዜ ይኑረው። ለአይጥ መርዝ የምታስቀምጡ ከሆነ ግን እባክሽ ተዪው፣ መርዙን ወይም መርዙን የበላችውን አይጥ ቦቢ ሊበላ ይችላል። መኮላሸቱንም እግረ መንገድሽን አማክሪ፣ ከዚህ ዕድሜ በኋላ ወንድ ውሻ ሴት ፍለጋ አጥር መዝለል ይጀምራል።

ምግቡ ላይ ሁለት ነገር። አንደኛ፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት። ለውሻ መርዝ ናቸው፣ የደም ሴሉን ያፈርሳሉ፣ ቢበስሉም ያው ናቸው። እኛ ቤት ደግሞ ሽንኩርት የሌለበት ወጥ የት አለ? የሐዋርያት ጾም እስከ ሐምሌ 5 አለ፣ ከዚያ ነሐሴ ሲገባ ፍልሰታ ነው፣ ልጆቹም ይጾሙ ይሆናል። ቤቱ ሽሮና ምስር ላይ ሲሆን ለውሻው የሚደፋለት ያው በሽንኩርት የተሠራው ትርፍ ነው። የእሱን ለብቻ በትንሽ ድስት ቀቅሉ፦ ሩዝ ወይም እንጀራ ከእንቁላል ጋር፣ ወይም ከሉካንዳ የተገኘ ቁርጥራጭ ሥጋ፣ ያለ ጨው፣ ያለ በርበሬ። ሁለተኛ፣ በግ ሲታረድ ሳንባና ጉበት ጥሬውን ለውሻ አይወርወር። ብዙ ጊዜ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ያለበት ያ ክፍል ነው። ውሻው ሲበላው ሆዱ ውስጥ ትል ያፈራል፣ የትሉ እንቁላል በዓይነ ምድሩ ይወጣል፣ ከዚያ ከፀጉሩ ወደ ልጆች እጅ፣ ከእጅ ወደ አፍ። ሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ያንኑ ከረጢት የሚያበቅለው እንዲህ ነው። ከ40 ደቂቃ ላላነሰ ጊዜ ይቀቀል፣ ከረጢት የታየበት ደግሞ ተቀብሮ ይጣል። የተቀቀለ የዶሮ አጥንትም አትስጡት፣ ይሰነጠቅና ጉሮሮውንና አንጀቱን ይወጋል። ልጆቹ ከእሱ ጋር ተጫውተው እጃቸውን ሳይታጠቡ ማዕድ ላይ አይቅረቡ።

ባለቤትሽን በንዴት አታናግሪው። የሰውየው ብስጭት ይገባኛል፣ ጫማ በዚህ ኑሮ ውድ ነው። «እስከ መስከረም ጊዜ ስጠው፣ ቤቱን አንተ ሥራለት፣ ጠዋት ጠዋት እንከፋፈለው» በይው። ትምህርት ሲከፈት ቦቢ ወደ አንድ ዓመቱ ይጠጋል፣ ያኔ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። ይህን ሁሉ አድርጋችሁ ልጆቹ ላይ ማጉረምረም ወይም መናከስ ካሳየ፣ ወይም በእውነት ጊዜ የሚሰጠው ሰው ከጠፋ፣ ለሌላ መስጠት ጥፋት የለውም። ያኔም በግ ወዳለበት ሳይሆን ሰፊ ግቢና ቀኑን ሙሉ ሰው ያለበት ቤት ፈልጉለት፣ የክትባት ወረቀቱን አብራችሁ ስጡ፣ ልጆቹም ሄደው ቦታውን ይዩት። ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ውሻው እንዳይጠፋባቸው፣ ቀድማችሁ ንገሯቸው።